የጎደለው አንድ ሜትር ከስልሳ

ከሰቆጣ ከተመለስኩ ሦስት እሑድ ሆነ። ከአምልኮ ስንወጣ እጄን እየያዛችሁ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ያላችሁኝን ሁሉ «ደህና ነበር» እያልኩ እንዳለፍኳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም እንደተቀየማችሁ አውቃለሁ። በአፌ ብነግራችሁ ግማሹን እውጠዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ስለዚህ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ የሰቆጣን አገር፣ ዋግን፣ አታዩዋትም፤ መንገዷን ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ አለማየታችሁን ታመሰግናላችሁ።

የተላክሁበትን ጉዳይ ላስታውሳችሁ። ሰቆጣ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አለች። የነደፋት አባቴ ነው። የእኛንም የነደፈው እሱ ነው፤ ፎቶው አዳራሻችን ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ የመጣው ደብዳቤ ከመስበኪያው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ቅዳሜ ሊያፈርሱት እንዳሰቡ፣ ምእመናን ግድግዳውን እየፈሩ መምጣት እንደተዉ፣ ከመፍረሱ በፊት ግን መሐንዲስ አይቶ እንዲፈርምላቸው ይጠይቅ ነበር። ግድግዳ የሚፈራ ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቅሁ። ሽማግሌዎቻችን «የአባትሽ ሥራ ነውና አንቺው ሂጂ» አሉኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። አሮጌ ሜትሩን፣ ያንን እጀታው በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠመጠመውን፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከእኛ ከተማ አዲስ አበባ ድረስ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ጭቃ። የማነሣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ዝናብ ስለነበር ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። በኋላ ሰቆጣ ገብቼ ጥርት ያለ ሰማይ ሳይ በጃንጥላዬ ላፍር ስል፣ የከተማው ሴት ሁሉ ለፀሐይ ዘርግታ ስትሄድ አየሁና ተጽናናሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ወልድያ ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ቆሎ እያዘገኑኝ የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሰቆጣ ስላቸው እጄ ላይ ሌላ እፍኝ ጨመሩልኝ፤ የሐዘን ቤት የምሄድ መሰልኳቸው። የተከራየሁት ክፍል ቧንቧ ሲከፈት ውኃ ሳይሆን ሳል ነበር የሚወጣው። ባለቤቱ በጀሪካን ውኃ ተሸክሞ አመጣልኝና ጥፋቱ የእሱ ይመስል ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ውኃ ከሰማይም ከምድርም ስለሚመጣ እንደዚህ ዓይነት ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ከወልድያ በሚኒባስ ወጣን። መንገዱ ገደል ገደሉን ይሄዳል። ከፍታ የምፈራ መሐንዲስ መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ መዝሙር መቁጠር ጀመርኩ፤ ሰባተኛው ላይ ረዳቱ «እህት፣ ሜዳ ደርሰናል፣ ግለጪው» አለኝ። ገልጬ ያየሁት ሜዳ አልነበረም። ድንጋይ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ መካከል ደግሞ በእጅ የተለቀመች ማሳ፣ ከዚያ እንደገና ድንጋይ። እኛ ዘንድ ዱላ ብትተክል ይበቅላል። እዚህ ሰው ማሽላዋን በስም እየጠራ የሚያሳድጋት ይመስላል።

ለምሳ አስከተማ የምትባል ትንሽ ከተማ ስንወርድ ጥብስ አዘዝኩ። ምግብ ቤቷ ጸጥ አለች። ባለቤቷ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በሐዘኔታ «ታመሻል እንዴ፣ እታለሜ?» አለችኝ። ረቡዕ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ ለካ በዚያ አገር በጾም ቀን ሥጋ የሚበላው የታመመ ብቻ ነው። ፊቴ ቀላ። ሽሮ ከነጭ ማር ጋር አቀረበችልኝ፤ ማሩን ደግሞ «ለመንገድሽ» ብላ በዕቃ ሰጠችኝ፣ ለሕመሜ ይሆን ለድፍረቴ አላውቅም።

ሰቆጣ ስገባ ወንጌላዊ ታደሰ ተቀበለኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ያሳረፈኝ ወይዘሮ ብርቄ ከሚባሉ ጎረቤቱ ቤት ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። ሁለት ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸውና የታላቁን ክፍል ሰጡኝ። ጃኬቱ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ፣ ጫማውም ወደ በሩ እንደዞረ ነበር። «አታንሺው፤ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ሲጠብቀው ይሻለኛል» አሉኝ። ለምን እንደመጣሁ ሲሰሙ መሶቡን እየከደኑ «ያ ቤት ደህና ቤት ነው። ሲዘመርበት ብቻ...» ብለው ተዉት።

ሐሙስ

ቤተ ክርስቲያኗ ከገበያው በላይ ጉብታ ላይ ናት። ከሩቅ ሳያት እግሬ ቀጥ አለ። የእኛ ናት! ሹል ጣሪያዋ፣ ከበሩ በላይ የተቀረጸው የሉተር ጽጌረዳ ምልክት፣ በምሥራቁ ፊት ከፍ ብሎ ያለው የመስቀል ቅርጽ ባለቀለም መስኮት፣ ሁሉም የእኛ ነው። ልዩነቱ የእኛ የምሥራቅ ፊት እንጨት ሲሆን የእነሱ እስከ ጫፉ ቡናማ ጥርብ ድንጋይ መሆኑ ነው። አባቴ የእኛን ንድፍ ገልብጦ እንደላከላቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

ገባሁ። መስበኪያው በግራ፣ የጥምቀቱ ገንዳ በቀኝ። እግሬ ሳላዘው ወደ ሦስተኛው አግዳሚ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደምቀመጥበት ቦታ ወሰደኝ። ተቀምጬ የመስቀሉን ብርሃን ለማየት ቀና አልኩ። መስቀሉ የለም። በኖራ የተለቀለቀ ድፍን ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ቆሟል። አሁን ከውጭ ያየሁት መስኮት ውስጥ የለም። የራሳችሁን ቤት በሕልም አይታችሁ አንድ በር ጠፍቶባችሁ ያውቃል? እንደዚያ ነው።

«እህት ሌሊሴ፣ እባክዎን ከዚያ ይነሡ» አለኝ ታደሰ ቀስ ብሎ። «ከአምስተኛው ወንበር ወደ ፊት የሚቀመጥ የለም።»

በአባቴ ሜትር ውጩን ለካሁ፤ ውስጡን ለካሁ፤ የግንቦቹን ውፍረት ቀነስኩ። አንድ ሜትር ከስልሳ ጎደለ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጎደለ።

«ከኋላው ምን አለ?» አልኩት።

«አናውቅም። ሲሠራ የነበሩት ምእመናን ገሚሱ በጦርነቱ ጊዜ ተበተነ፣ ገሚሱ ተሰደደ። እኔ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ግምበኛው አያ ወልዱ አሉ፤ ግቢያችን ይገባሉ እንጂ ደፋችንን አይረግጡም፣ ኦርቶዶክስ ናቸው። ስጠይቃቸው 'ባለቤቱ ያውቃል' ብቻ ይሉኛል።» ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች አመለከተ። «ስመጣ ስልሳ ነበርን፤ አሁን ሃያም አንሞላ። ግድግዳውን ከፍተን ባዶ መሆኑን ካላሳየናቸው ይህች ቤት እስከ ፋሲካ ትዘጋለች። ካላመኑኝ ለመዝሙር ልምምዱ ይቆዩ።»

አሥር ሰዓት ላይ ስምንት ዘማሪዎች መጡ፤ አምስት ሴቶች፣ ሦስት ወንዶች። ከኋላ ወንበር ተሰብስበው ጀመሩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከግድግዳው በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ ገባ። ሦስቱን ወንዶች አየኋቸው፤ የማናቸውም አይደለም። ስምንቱም ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው መዝሙሩን ጨረሱ። ድምፁ ግን ከእነሱ ጥቂት ዘግይቶ ጨረሰ።

ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ ሳለ መሐንዲስነቴን አልተውኩም። «ባዶ ክፍል ነው፤ ያስተጋባል። ባዶ የውኃ ታንከር ውስጥ ብትዘምሩም ይመልስላችኋል» አልኳቸው።

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን እያስተካከለች «የገደል ማሚቶ የሰማችውን ነው የምትመልስ» አለችኝ። «ይኸ እኛ የማንዘምረውን ዜማ ነው የሚዘምር።»

ዓርብ

ጠዋት ስደርስ አያ ወልዱ ከምሥራቁ ግንብ ሥር ቆመዋል። ሰባን ያለፉ፣ እጃቸው እንደ ድንጋዩ የሻከረ ሽማግሌ ናቸው። ግንቡን በጠጠር ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ እርምጃ ፈቀቅ ብለው እንደገና ኳ። በደረት ከፍታ ላይ ቡጢ የምታስገባ ቀዳዳ አለች።

«ግንብ ሲደክም ድምጡ ይለወጣል» አሉኝ ሳይዞሩ። «ቀዳዳዋ መተንፈሻው ናት። ግንብ ካልተነፈሰ ይታመማል።» ከዚያ ዞሩና ዓይናቸው እጄ ላይ ቀረ። «ይኸን ሜትር አውቀዋለሁ። አንች የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማረፉንም ስነግራቸው ጠጠሩን ጣሉና «ነይ ኸቤት» አሉኝ።

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። ከባለቤታቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ጥቂት ተነጋገሩ፤ እኔም እናቴን በቋንቋችን የማናግርበት ለስላሳ ድምፅ ትዝ አለኝ። ዳቦና ማር ቀረበ። ጠላውን «አልጠጣም» ስል ባለቤታቸው ተደናግጠው ማሩን በውኃ በጥብጠው ሰጡኝ። አያ ወልዱ ከቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡ። የአባቴ ንድፍ ነበር።

«ይኸ መሥመር ምንድር ነው?» አሉና ጣታቸውን ከመስበኪያው ጀርባ ባለው የተቆራረጠ መሥመር ላይ አኖሩ።

«ከላይ የሚያልፍ ነገር ነው፣ አያ ወልዱ። የጣሪያው ተሸካሚ። መሬት ላይ የሚሠራ አይደለም።»

«ያኔ እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም። እኔ ዕድሜዬን ቤተ ክርስቲያን ስሠራ ኖርሁ። ኸዚያ ቦታ ላይ መሥመር ካየሁ የመቅደስ ግድግዳ ነው! የተቆራረጠውም የማይታይ፣ የተሠወረ ስለሆነ ነው አልሁ። መቅደስ የሌለው ቤተ ክርስቲያን የት አለ? ሠራሁት። ውስጡንም በሁለት አጭር ግድግዳ ከፈልሁት፣ እንደ ወጉ። በሩን ብቻ የት እንደማወጣ አባትሽን ልጠይቅ ስጠብቅ፣ መጣ።»

«ምን አለ?»

«'አፍርሰው!' ብሎ ጮኸ። ኸዚያ በውጭ ዞረ፣ ያንን ረጅም ግንብ ሽቅብ አየ፣ ኸድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እስኪመሽ ሲጥፍ ዋለ። ሲነሣ ፊቱ ዐመድ ነው። 'ተወው፤ በርም አታውጣለት፤ እስክንሞት ጠብቀው' አለኝ። ይኸው እጠብቃለሁ። ቀዳዳዋን ትቼ የመጨረሻዋን ድንጋይ ሳስገባ፣ አፉን ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ አንዲት ዜማ ዘመረባት። 'ምን ልትሆን?' ብለው 'እንዴት እንደሚመልስልኝ ልስማ' አለኝ። ድምጡ ወፍራም ነበር።»

ወፍራም እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። አባቴ ከመዘምራኑ የኋላ ረድፍ ሆኖ የመጨረሻዋን ኖታ እየጎተተ ሲያስቸግር፣ መሪያችን «ኦቦ ፈይሳ፣ ጨርሰናል እኮ!» እያለ ያስቀን የነበረውን አልረሳችሁም።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው በአባቴ ቁጥሮች ተሞልቷል፤ የግንቡ ቁመት፣ ውፍረቱ፣ የነፋሱ ግፊት። ከታች ሁለቴ የተሰመረበት ውጤት አለ። አጠገቡ አያ ወልዱ በማያነቡት በቋንቋችን «ስሕተቱ የእኔ ነው» ይላል።

ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ተከተልኩት። አባቴ ለእኛ እንጨት የነደፈውን ፊት ሳይለውጥ ለድንጋይ ሰጥቶታል። ያን ያህል ረጅም፣ ያን ያህል ከባድ ግንብ ያለ ድጋፍ የዋግን ነፋስ አይችልም፤ ወደ ምእመናኑ ይወድቃል። ያቆመው አያ ወልዱ በስሕተት የሠሩት ግድግዳ ነው። አባቴ ይህንን አውቆ፣ ለማንም ሳይናገር፣ አሽጎት ወደ እኛ ተመለሰ፤ እኛም ፎቶውን ሰቀልንለት። አፈርኩም፣ ተናደድኩም።

ስሰናበት አያ ወልዱ ሸኙኝ፤ በመንገድ ላይ በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩ ነበር። «ሲዘመርስ ይመጣሉ?» አልኳቸው። «አንድም ቀን አልቀረሁ። ኸቀዳዳዋ አጠገብ ነው የምቆም።» ያን ጊዜ ቀለል አለኝ። የግድግዳውን ዘማሪ አገኘሁት ብዬ እየሳቅሁ ገባሁ።

ቅዳሜ

አራት ሰዎች መዶሻና ድጅኖ ይዘው ጠበቁን። መጀመሪያ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። መሰላል አስደግፈን፣ ከፍታ የምፈራው እኔ፣ እስከ መስቀሉ መስኮት ወጣሁ። ከመስታወቱ አንዷ ጥግ ወድቃለች። በዚያ አጮለቅሁ። ሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች ረጅሙን ግንብ እንደ ሁለት ክንድ ይዘውታል። ወለሉ ላይ ማንም ያልረገጠው አቧራ ነበር፤ አቧራው ላይ ቀይና ሰማያዊ መስቀል ተኝቷል። ሌላ ምንም የለም። ያ ሁሉ ብርሃን ለማንም ሳይሆን በየጠዋቱ እዚያ ይገባ ነበር። ፈራሁ፤ መሰላሉም ሸርተት አለ፤ ታደሰ ባይዘው ኖሮ ይህን የምታነቡት ከሌላ ሰው እጅ ነበር።

«ባዶ ነው፤ ግን እንዳትነኩት» አልኩ ስወርድ።

«ምክንያቱን ይንገሩን» አለኝ ታደሰ። «ያለ ምክንያት ከሆነ 'መሐንዲሷም ፈራች' ይባላል፤ እርስዎ ሲሄዱ በማግስቱ ያፈርሱታል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌ ላይ የመጣው «ግምበኛው ያለ ንድፍ ስለሠራው» የሚል ነበር። ውሸትም አይደለም። አባቴ ይተርፋል፣ ፎቶው አይነካም፣ ግድግዳውም አይፈርስም። አያ ወልዱ ከአጥሩ ሥር ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የምለውን ሁሉ ሊቀበሉ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። ለአባቴ ብለው ይህን ያህል ዓመት ከጠበቁ በኋላ በእሱ ሴት ልጅ አፍ ሊከሰሱ! አቃተኝ።

«አባቴ ተሳስቷል» አልኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስረዳሁ። «ይህ ግድግዳ ከፈረሰ ያኛው ግንብ እናንተ ላይ ይወድቃል። እስከ ዛሬ በሕይወት ያላችሁት አያ ወልዱ ስለተሳሳቱ ነው።» ድጅኖ የያዘው ሰው መሣሪያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው። አያ ወልዱ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። ወይዘሮ ብርቄ በዚያን ዕለት ምሳ ሲያቀርቡልኝ ዓይኔ ማበጡን አይተው ሳይጠይቁኝ እጄን ያዙኝ።

እሑድ

ታደሰ ሪፖርቴን ከመስበኪያው ላይ አነበበ፣ የአባቴንም ስም ጭምር። ከእኔ ጋር ሃያ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ወሬውን ሰምተው ከቀሩበት የተመለሱም ነበሩበት። እኔ ሄጄ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይታ ያቺ ስለ ገደል ማሚቶ የነገረችኝ ዘማሪ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎች መጡ። ግድግዳው እንደሚጠብቃቸው ሲያውቁ ፍርሃታቸው ረገብ አለ መሰለኝ።

መዝሙር ተጀመረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያ ወፍራም ድምፅ ገባ። ፈገግ አልኩ። አያ ወልዱን አመስግኜ ልሰናበታቸው ብዬ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ አውቶቡሴ ከቀትር በፊት ነበር።

ቀዳዳዋ አጠገብ ነበሩ። መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አድርገዋል። አፋቸው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ድምፁ ከቀዳዳዋ ይወጣል።

«አያ ወልዱ» አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ፤ «እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ?» አሉ እየገረማቸው። «እኔ ምን ዜማችሁን አውቄ? እኔስ ኸናንተ አንዱ መስሎኝ፣ ማን ይሆን እያልሁ እኮ ነው የምመጣ።»

ተያየን። ሽማግሌው ፈቀቅ ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ። ጉንጬን ቀዳዳዋ ላይ አስጠጋሁ፤ ድንጋዩ ብርድ ሲሆን የሚወጣው አየር ለብ ያለ ነበር። ውስጥ መዝሙሩ አለቀ። ሃያ አንዱም ሰው ዝም አለ። ያቺ የመጨረሻዋ ኖታ ግን እየተጎተተች ቀጠለች።

አፌን ቀዳዳዋ ላይ አደረግሁና በቋንቋችን፣ መሪያችን ይለው በነበረው ድምፅ «ኦቦ ፈይሳ፣ ጨርሰናል እኮ!» አልኩ።

ያን ጊዜ ዝም አለ።